«ባለፉት ስድስት ወራት ምን ወስደዋል?»

ጥያቄዋ አጭር ነበረች። ሲስተሯ ካርዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ቀና ሳትል ጠየቀች። «አባባ፣ ባለፉት ስድስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደዋል?»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። የሐኪም ቤት ነገር ሲሆን ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው የሚዞሩት። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ መለስኩ። «ኧረ አልወሰዱም።»

ሲስተሯ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ስኳር አለባቸው? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? እሱን ሁሉ በደንብ መለስኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ያቺ «ኧረ አልወሰዱም» ግን አልለቀቀችኝም። ዕቃ ሳጥብ ትመጣለች። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ትመጣለች።

ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። አንቲባዮቲክ ሲባል እኔ የገባኝ ሐኪም የሚያዝዘው፣ ሰው አልጋ ይዞ የሚወስደው ከባድ ነገር ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ መድኃኒት ቤት በገዛ እጄ የገዛኋት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከቁልፍና ከሞባይል ጋር የማዞራት ስትሪፕ ትዝ አላለችኝም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከፊኛቸው ሥር ካለው ፕሮስቴት ከሚባለው ዕጢ ናሙና የሚወሰድበት ቀጠሮ እንዳይራዘምብን ፈርቼ ነበር። ለዚያች ቀን ሁለት ወር ጠብቀናል።

የሹፌር ወገብ

አባባ ከ30 ዓመት በላይ የጎንደር–መተማን መንገድ ነድተዋል። ሲሄዱ ሸቀጥ፣ ሲመለሱ ሰሊጥ። ለሚያማቸው ነገር ሁሉ ቤታችን ውስጥ ስም ነበረው። ካተኮሳቸው «የመተማ ወባ» ነው። ከወገብ በታች ካመማቸው «የሹፌር ወገብ» ነው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ሲነሱ የግቢውን የሽንት ቤት በር እሰማ ነበር። ጠዋት ስጠይቃቸው «ወገቤ አላስተኛኝ አለ» ይሉኛል።

እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ። አባት ለሴት ልጁ ስለ ሽንቱ አያወራም፤ ቢያንስ እኛ ቤት አያወራም። ሲሸኑ ሲያቃጥላቸው «ሆዴን ቆረጠኝ» አሉኝ። እኔም ለሆድ ይሆናል ብዬ ኖርፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ገዛሁ። ሦስት ቀን ወሰዱ። ቀለል አላቸውና ተዉት።

ነገሩን ያየው ወንድሜ ነው። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። አባባ በየዓመቱ የከተራን ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ፣ ታቦቱ ካደረበት ሳይርቁ ነው የሚያድሩት። የዚያን ዓመት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሕዝቡ መሃል እየተጋፉ ሲወጡ አየ። በአራተኛው ተከተላቸው። በነጋታው ሳይሆን በሳምንቱ ሐኪም ቤት ነበሩ። ፕሮስቴታቸው አብጧል፣ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራም ከፍ ብሏል ተባለ። ባዮፕሲ ታዘዘ፤ ካንሰር እንዳለ ለማየት ከዕጢው በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው።

ቀጠሮው አንድ ወር ሲቀረው «ሆዳቸው» እንደገና ተነሳ። ያን ጊዜ መድኃኒት ቤቱ «ይሄ ጠንከር ይላል» ብሎ ሲፕሮ የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። አሥር ፍሬ ያላት ስትሪፕ። ያለ ማዘዣ መሸጥ አልነበረበትም። እኔም ያለ ማዘዣ መጠየቅ አልነበረብኝም። ከአሥሩ ስድስቱ ተዋጡ። አራቱን ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኳቸው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ቤት የሆነው ከተረቱም ይብሳል። በሽታው እንደተደበቀ መድኃኒቱ ተገኘ።

ሐሙስ ሌሊት

ባዮፕሲው ማክሰኞ ተሠራ። በፊንጢጣ በኩል አልትራሳውንድ ይገባል። ከዚያ መርፌው የፊንጢጣን ግድግዳ አልፎ ፕሮስቴቱን ጠቅ ያደርጋል። 12 ጊዜ። በእያንዳንዷ ጠቅታ እንደ ክር የቀጠነች ናሙና ትወጣለች። ለጥንቃቄ አስቀድመው አንቲባዮቲክ ሰጥተዋቸዋል። ሲፕሮ ነበር።

ስንወጣ ዶክተሩ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። «ሽንታቸው ላይ ደም ብታዪ አትደንግጪ። ሰገራም ላይ ትንሽ ሊታይ ይችላል። ካተኮሳቸው ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘሻቸው ነዪ።» ሌሊትም ቢሆን ያላትን እስከ ዛሬ በድምፁ እሰማታለሁ።

ረቡዕ ደህና ዋሉ። ሐሙስ እራት በሉ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። አልጋው ይንቀጠቀጣል። «መተማዬ ተነሳብኝ» አሉኝ። ጋቢ ደረብኩላቸው። ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ፓራሲታሞል ሰጠሁ። ቀጥሎ ያደረግኩትን መጻፍ ይከብደኛል። መሳቢያውን ከፍቼ ከአራቱ ሲፕሮ አንዷን ሰጠኋቸው። እንደ ብልህ ሰው ነበር የተሰማኝ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ለክፉ ቀን ደረሰ ብዬ።

ዶክተሩ ያለኝን ረስቼው አልነበረም። ግን ሌሊት ባጃጅ የት ይገኛል? እሳቸውም ወባ ነው እያሉ ነው። ሊነጋ ነው፣ ትንሽ ልታገስ አልኩ። እነዚያ አምስት ሰዓታት የታገስኳቸው በአባባ ሕይወት ላይ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ደወል ሲሰማ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። እሳት ነው። እጃቸው ደግሞ በረዶ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። «አባባ» ስላቸው ዓይናቸውን ገለጡና በሞተች እህታቸው ስም ጠሩኝ። ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤታችን ለቅዳሴ ሊሄዱ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። እሳቸው ናቸው ባጃጅ ጠርተው ያሳፈሩን።

ሦስት ፍሬ

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ልጅ እግር ዶክተር ነው። ደም ግፊታቸው ወርዷል። ግሉኮስ ተሰካላቸው፣ ለካልቸር፣ ማለትም የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ ለማየት፣ ደም ተወሰደ። ሁሉም እየተሯሯጠ ሳለ ወደ እኔ ዞረ። «ቤት የሰጠሻቸው ነገር አለ?»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስትሪፗን ይዣታለሁ። ስወጣ ለምን ከመሳቢያው አንስቼ እንደያዝኳት አላውቅም። አንድ አፍታ ላወጣት አልፈለግኩም። ማክሰኞ ምን ብዬ እንዳስጻፍኩ አሁን ነው የገባኝ። ካርዱ እዚያው፣ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። «ፓራሲታሞል ብቻ» ብል ማን ያውቃል? ሐኪሞቹ መድኃኒታቸውን ያውቃሉ፣ እኔ ምን አስለፈለፈኝ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሰው በዚያ ሰዓት አባቱን ብቻ የሚያስብ ይመስላችኋል። እኔ ግን አፍሬ ነበር። የዚያ ክፍል ነርሶች ምን ይሉኛል የሚለውንም አስቤያለሁ።

አባባ አቃሰቱ። አወጣኋት።

ዶክተሩ ስትሪፗን ገለባበጣት። በአውራ ጣቱ ባዶዎቹን ቤቶች ቆጠረ። «ሰባቱ የት ሄደ?» አለኝ። አንዷን ሌሊት እንደሰጠኋቸው ነገርኩት። «ስድስቱስ?» ወር እንኳ አይሆነውም አልኩ። «ከዚያ በፊትስ?» ኖርፍሎክሳሲን አልኩት። ለሆዳቸው ብዬ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ሁለቱ እኮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። ካርዱን አነሳና ማክሰኞ የተጻፈውን «አልወሰዱም» በአንድ መስመር ሰረዘው። ከጎኑ የሁለቱን መድኃኒቶች ስም ጻፈ። ወዲያው ከሲፕሮ ቤት ውጭ የሆነ መርፌ አስጀመረ። የካልቸሩን ውጤት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

ውጤቱ ከቀናት በኋላ መጣ። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኢ. ኮላይ ነው። ሁላችንም አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ። ይሄኛው ግን ለሲፕሮ አልበገር ብሏል። ለተጀመረላቸው መርፌም ሙሉ በሙሉ አልተንበረከከም። ሜሮፔነም ወደሚባል መድኃኒት ተቀየሩ። ወንድሜ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ ገዛ። አሥር ቀን ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሱ።

ኬላው

ሰባተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ አባባ ቀና ብለው ሾርባ ሲጠጡ ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እንዴት እንደታመሙ አስረዳቸው። አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ። ሲፕሮ ሲወሰድ ደካማዎቹ ይሞታሉ። ጥቂት የማይበገሩት ይቀራሉ። ቦታው ሲለቀቅላቸው ይራባሉ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለወራት እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ። መርፌው የአንጀትን ግድግዳ ሲያልፍ እነሱን ይዞ ወደ ፕሮስቴት፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል።

አባባ አሰቡ። «እንግዲያ መርፌው ላይ ተንጠልጥሎ ነዋ የገባው» አሉ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሲፕሮው ደግሞ ኬላ ላይ የቆመው ጠባቂ ነው።» አዎ አባባ አለ። «ጠባቂውን ከለመደውማ ማን ይፈትሸዋል!»

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚያ አድርጎ ያስረዳኝ ጽሑፍ አላገኘሁም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ የምንለው ለካ ይህ ነው። ኬላ ላይ ያንኑ ጠባቂ ደጋግመህ ብታቆም፣ ነጂው ሁሉ ያውቀዋል። በስሙ ጠርቶት ያልፋል። ከወር በፊት ያንን ጠባቂ ወስጄ ከእነዚያ ባክቴሪያዎች ጋር ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ለማክሰኞ ያስፈልግ የነበረውን በሆድ ቁርጠት አባከንኩት።

ሌላም ነገር ነበር። ዶክተሩ ያነሳው በመጨረሻ፣ ሊወጣ ሲል ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለ ፒ.ኤስ.ኤ. በራሱ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሲያቃጥላቸው እንደነበር ቢናገሩ ኖሮ፣ መጀመሪያ ሽንታቸው ተመርምሮ፣ ኢንፌክሽን ከተገኘም በትክክል ታክሞ፣ ጥቂት ቆይቶ ደሙ ሊደገም ይችል ነበር። ምናልባት ያን ጊዜም ባዮፕሲ ያስፈልግ ነበር። ምናልባትም አያስፈልግም ነበር። አባባ ሾርባቸውን አስቀመጡና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔን ማየት አልፈለጉም። እኔም እሳቸውን።

በዚህች ከተማ መሆኑ ያንገበግበኛል። የጤና መኮንን ማሠልጠን የተጀመረባት ከተማ ናት፤ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው የተከፈተው። ከሰፈራችን አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን የሌለበት ዘመድ ማግኘት ይከብዳል። የእኔ የአክስት ልጅ ነርስ ናት። ስልኳ ሞባይሌ ላይ አለ። አንድ ጊዜ ደውዬ «ይህን ልስጣቸው ወይ?» አላልኳትም። ስለምን? መድኃኒት መስሎ አልታየኝማ። ከሱቅ ሻማ እንደሚገዛ ነው የገዛሁት።

ሌላ ቦታ ምን ያደርጋሉ

አልጋቸው አጠገብ ሳድር ስልኬ ላይ አነብ ነበር። ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገር ለፕሮስቴት ባዮፕሲ የሚሰጠው ሲፕሮና ዘመዶቹ ነበሩ። የማይበገሩት ባክቴሪያዎች ሲበዙ ከባዮፕሲ በኋላ በኢንፌክሽን የሚተኛውም ሰው በየቦታው ጨመረ። ከዚያ ሐኪሞቹ በሁለት በኩል ማሰብ ጀመሩ። አንዱ ጠባቂውን መቀየር ነው። ሌላው መንገዱን መቀየር ነው።

መንገዱን መቀየር የተባለው ገርሞኛል። መርፌው በፊንጢጣ ሳይሆን ከቆለጥ ሥር፣ በፊንጢጣና በቆለጥ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ይገባል። ቆዳ እንደ አንጀት አይደለም፤ በደንብ ይጸዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ኖርዌይና ጀርመን ውስጥ ከ550 በላይ ወንዶች በዚህ መንገድ ናሙና ተወሰደላቸው። ግማሾቹ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከሁለቱም ወገን አባባን የያዛቸው ዓይነት የደም መመረዝ የደረሰበት አልነበረም። ያን ሌሊት ይህን ሳነብ እጃቸውን ይዤ ነበር። አልቅሻለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲፕሮን ቤተሰብ አጠቃቀም ገድቧል። ጅማትንና ነርቭን ለረጅም ጊዜ ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ከታገዱት አጠቃቀሞች አንዱ ይኸው ለፕሮስቴት ባዮፕሲ መከላከያ ብሎ መስጠት ነው። እኛ ግን ለተቅማጥ እንገዛዋለን።

በፊንጢጣ በኩል ለሚሠራውም ቢሆን ጥንቃቄ አለው። ከመሠራቱ በፊት ፊንጢጣውን በአዮዲን ማጽዳት ኢንፌክሽንን እንደሚቀንስ ታይቷል። ለቁስል የምናውቀው አዮዲን ነው። ከፊንጢጣ በጥጥ ናሙና ወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማየትም አለ። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ያቺ ጥያቄ ናት። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው በምንም ማሽን አይደለም። ስንነግረው ነው።

የአባባ ጓደኞች

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ሌላ ነገር ነው። አባባ ከተነሱ በኋላ የድሮ የመስመር ጓደኞቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ቡና ተፈላ። አባባም ታሪኩን ሁሉ አወሩ። አንደኛው፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ሲሸኑ የከረሙ ሰው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እኔን በዚያ መርፌ የሚነካኝ የለም» አሉ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ።

ክው አልኩ። ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ትምህርት ይህ ከሆነ ምን አደረግን? ባዮፕሲ ከሚሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ነው ቤታቸው የሚገቡት። እንደ አባባ የሚሆኑት ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። ካንሰሩ ግን ካለ፣ አለ። በመፍራት አይጠፋም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ልላቸው ፈለግኩ። ሴት ልጅ ነኝ፣ የአባቴ ጓደኞች ናቸው፣ ስለ ፕሮስቴት ነው። ዝም አልኩ። ያም ዝምታ ልክ እንደዚያች «አልወሰዱም» ያሳክከኛል።

በኋላ ግን አባባን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው። ዝም አሉ። በሳምንቱ ሰውየው ቤት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሰውየው ሐኪም ቤት መሄዳቸውን ሚስታቸው ነገሩኝ።

ካርዱ ላይ

የአባባ የመጀመሪያ ናሙና ካንሰር አላሳየም። ዕጢው በዕድሜ ያበጠ ነው ተባለ። ፒ.ኤስ.ኤው ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ወረደ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን መልሶ መውጣት ጀመረ። ሁለቴ ተደገመ። ሁለቴም ወጣ። ባዮፕሲው ይደገም ተባለ።

ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ማንም ስለሱ አልተናገረም። ከዚያ አባባ አንድ ማታ «ቴርሞሜትር ግዢ» አሉኝ። በዚሁ ተወሰነ።

በዚህኛው ጊዜ አስቀድሞ በጥጥ ናሙና ተወሰደ። የሚሰጣቸው መድኃኒት በዚያ ውጤት ተመረጠ። ሲፕሮ አይደለም። እኔ በፌስታል ዓመቱን ሙሉ የወሰዱትን ሁሉ ይዤ መጣሁ። የደም ግፊቱን፣ የጨጓራውን፣ ባዶውን ጠርሙስ ሳይቀር። ጠዋት ከአዘዞ ከመጡ ሰዎች ጋር ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል።

ስማቸው ተጠራ። ሌላ ሲስተር ናት፣ ልጅ ናት። ካርዱን ዘረጋች። «አባቴ፣ ባለፉት ስድስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደዋል?»

ፌስታሉን ልፈታ እጄን ስልክ አባባ በመዳፋቸው ያዙኝ። ወደ እኔ አልዞሩም። ልጅቷን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«ባለፉት ስድስት ወራት አልወሰድኩም። ካቻምና ግን ሽንቴን ያቃጥለኝ ነበር» አሉ። «ደብቄ ነው። ሆዴን ነው ብዬ። የወሰድኩትን ልቁጠርልሽ።»

መቁጠር ጀመሩ። ኖርፍሎክሳሲን ሦስት ቀን። ሲፕሮ ስድስት ፍሬ፣ ሌሊት ደግሞ አንድ። ሆስፒታል ተኝተው የተሰጣቸውን አንድ በአንድ። ከዚያ በፊት መተማ ላይ፣ ከሱቅ የገዙትን፣ እኔ እንኳ የማላውቀውን። ሲስተሯ ቦታው አልበቃት ብሎ ካርዱን ገለበጠችው።